በጉያ የሄደችው ክሪስታል

ወይኒ ክሪስታሏን ለእትዬ ጣይባ ስታስረክብ ያላስጠነቀቀችው ነገር አልነበረም። ፀሐይ እንዳይመታት አለች። መኪና ውስጥ መስታወት ሥር እንዳትቀመጥ አለች። ከምድጃ፣ ከአምፖል፣ ቻርጅ ላይ ከዋለ ስልክ እንድትርቅ አለች። ሙቀት ጠላቷ መሆኑን ሰሚው እስኪሰለች ደጋግማ ተናገረች። አንዲት ነገር ብቻ ሳትናገር ቀረች፤ እሷን ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማንም አያስባትም ነበር።

እትዬ ጣይባ የኸድር እናት ናቸው። ወሎ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተድረው መቐለ የገቡ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ጨርቅ ሲሸጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው የማይተናነስ ሴት። ኸድር ደግሞ የወይኒ የሥራ ባልደረባ ነው። እንዳ ኢየሱስ ጉብታ ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ አንዲት ጠባብ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ እሷ ክሪስታል ታሳድጋለች፣ እሱ በኮምፒውተር ያሰላል። ሁለቱም ዶክትሬታቸውን እየሠሩ ነው፤ ኸድር ግን ሌላም ርዕስ አለው፣ ወይኒ ያላት ይህ ብቻ ነው። ጦርነቱ ትምህርቷን ከመሃል ቆርጦባት፣ አብረዋት የጀመሩት ተመርቀው ሌላውን ሲያስተምሩ እሷ ገና የክሪስታል ማሳደጊያ ምድጃዋን ትጠግናለች። አማካሪዋ ዶክተር ኣረጋዊ በቅርቡ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ዘንድሮ ውጤት ካላመጣች ከተማሪነት ትሰረዛለች።

ውጤቱ ያለው ደግሞ ከጥፍር በማትበልጥ ጥቁር ቅንጣት ውስጥ ነው። ማንጋኒዝ ቴሉራይድ ትባላለች። ውስጧ ያሉት የማንጋኒዝ አቶሞች እያንዳንዳቸው ትንንሽ ማግኔት ናቸው፤ ነገር ግን እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች አንዱ ወዲህ ሲዞር ሌላው ወዲያ ስለሚዞር አንዱ የሌላውን ይሽራል። ከውጭ ሲያዩዋት ምንም የላትም፤ መርፌ እንኳ አትስብም። ድሮ መጽሐፉ ሁሉ እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ኤሌክትሮኖችም ልዩነት የላቸውም ይል ነበር። ስፒናቸው፣ ማለትም እያንዳንዱ ይዞት የሚዞረው የራሱ ትንሽ ማግኔትነት፣ ወደ ላይም ያመልክት ወደ ታች የሚሄዱበት የኃይል መንገድ አንድ ነው ብሎ። አሁን ግን ነገሩ እንደዚያ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። እንደዚህች ባሉ ጥቂት ክሪስታሎች ውስጥ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ላይኞቹ በአንዱ፣ ታችኞቹ በሌላው ይሄዳሉ። በዚህ መከፈል መረጃ የሚይዝ ዕቃ ቢሠራ ፈጣን ነው፣ አጠገቡ ማግኔት ቢያልፍም አይረበሽም ይባላል፤ የዓለም ቤተ ሙከራዎች የሚሻሙትም ለዚሁ ነው።

ችግሩ ቅንጣቷ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰፈር ሊኖር መቻሉ ነው። በአንደኛው ሰፈር ወደ ላይ የሚያየው አቶም በሌላኛው ወደ ታች ያያል፤ ስለዚህ የመንገዶቹም ቦታ ይለዋወጣል። ሁለቱ ሰፈሮች ከተቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ይሸፍነዋል፣ የሚለካውም ሰው ባዶ ያያል። ወይኒ ስለዚህ ቅንጣቷን ታሞቅና ማግኔት አስጠግታ ታቀዘቅዛታለች፤ እየቀዘቀዘች ስትሄድ ሁሉም አንድ ሰፈር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ማግኔቱም አያስፈልጋትም። ከሠላሳ አራት ዲግሪ በላይ አትሙቅ እንጂ እንደተስተካከለች ትኖራለች፤ ከዚያ ካለፈች ግን ሁሉንም ትረሳዋለች።

መለኪያው ማሽን ያለው ባሕር ማዶ ነው። ባለቤቶቹ ለመቐለዎቹ አንድ ተራ ሰጥተዋቸው ሲያበቁ ቃላቸውን አሳጥረው ነበር፤ ያዘጋጃችሁትን ላኩ፣ እኛ ማየት ብቻ ነው፣ ማሽናችን ጋ ማግኔት አይደርስም። ዕቃውን ወደዚያ የሚወስደው ሰው ዛሬ ከአዲስ አበባ ይነሳል። በረራ ሊቆም ነው የሚል ወሬ ከተማውን አምሶት ስለነበር ደግሞ ወንበር በፀሎት እንኳ አይገኝም። ትኬት የነበራቸው፣ ለዓይናቸው ሕክምና አስቀድመው የቆረጡት እትዬ ጣይባ ብቻ ነበሩ። እናም ጠዋት ቅንጣቷ በጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ሳጥኗ በረዶ በያዘ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ውስጥ ሆና በእሳቸው እጅ ወደ አየር ማረፊያ ሄደች።

ስልኩ ሲጮህ ወይኒና ኸድር ቤተ ሙከራው ውስጥ ነበሩ። ኸድር ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ ከፈተው።

«ኸድርዬ፣ አብሽር፣ ፍተሻውን አልፌያለሁ» አሉ እትዬ ጣይባ። «ፔርሙዙን አናስገባም አሉኝ፤ በረዶው ውሃ ሆኗላ። እኔ ጣይባ መች መላ ይቸግረኛል! ሳጥኒቱን አወጣሁና ፔርሙዙን ተውኩላቸው።»

ወይኒ ከወንበሯ ተነሳች። «እትዬ፣ አሁን የት አስቀመጧት? ቦርሳዎ ውስጥ ነው?»

«ቦርሳ! ቦርሳማ ሌባ ቀድሞ የሚያውቀው ቦታ ነው። በጉያዬ ናት፣ ከጡቴ ሥር፣ በሻሽ ጠቅልዬ አስሬያታለሁ። በዚያ ክፉ ጊዜ ያንን ሁሉ ኬላ ወርቄን ይዤ ያለፍኩት እዚሁ አድርጌ ነው። እዚህ የገባ ነገር ጠፍቶብኝ አያውቅም፣ ወላሂ።»

ወይኒ ክው አለች። ስለ ምድጃ አስጠንቅቃለች፣ ስለ አምፖል አስጠንቅቃለች፤ የሰው ገላ ግን ሁልጊዜ የሚነድ ምድጃ መሆኑን፣ ያውም ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ማንም አላሰበም። በዚህ ከተማ ውድ ነገር የሚቀመጠው የት እንደሆነ ደግሞ እሷ ማወቅ ነበረባት። የገዛ እናቷ በመከራው ጊዜ የወይኒን የዲግሪ ወረቀት አጣጥፋ ደረቷ ላይ አስራው አይደል እንዴ የሰነበተችው?

እሷ አፏን ሳትከፍት ኸድር ቀደማት።

«እማ! ምን ነካሽ? ገደልሻት እኮ! ሙቀት እንዳይነካት አልተባልሽም? ስንት ዓመት የለፋንበትን በአንድ ጠዋት ገደል ከተትሽው!»

«የምን ሙቀት?» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። «የኔን ሙቀት ነው? እኔ እሳት ነኝ እንዴ፣ ልጄ?»

ስልኩ ተዘጋ። መልሶ ቢደውል ጥሪ አይቀበልም። ደጋግሞ ደወለ፤ አይቀበልም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ምላሱን ቢነክስ ምን ይፈይዳል።

«ዋይ ኣነ!» አለች ወይኒ። «እናትህን እንደዚያ ትናገራለህ? ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ምን ልበል? አበቃ እኮ። አሁን በንዴት አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ብትወረውራት ያለ ማግኔት ትቀዘቅዛለች፣ ሁሉም ይደበላለቃል።»

«ገና ካላወጧትስ?»

ይህን ያለችው ለማጽናናት አልነበረም። ሲነጋ ሲመሽ የምትሠራው ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ማሞቅ፣ ቀጥሎ ማግኔት፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ። ማሞቁን እትዬ ጣይባ ሠርተውላታል። የቀረው ማግኔት ነው። ብረት ለበሱን መሳቢያ ሳበችና ያንን ከተበላሸ ማሽን ነቅለው ያወጡትን፣ እንደ ሳሙና ወፍራም የሆነ ማግኔት አነሳች። አንድ ፊቱ ቀይ ተቀብቷል። የክሪስታሏም ሳጥን በአንድ ፊቷ ላይ በጥፍር ቀለም የተሠራ ቀይ ነጥብ አላት፤ የቤተ ሙከራው ሕግ ቀይ በቀይ ላይ ነው፣ የማግኔቱ ቀይ ከነጥቡ ጋር ይገጥማል። ሕጉን በሩ ላይ ለጥፈውታል፤ ለእንግዳ ሳይሆን ለራሳቸው፣ ለሚቸኩሉበት ቀን።

ነዳጅ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ግቢው በር ላይ የቆመው አንድ ባጃጅ ብቻ ነበር። ወይኒ ዘልላ ስትገባ ነጠላዋ ውስጥ የጠቀለለችው ማግኔት የባጃጁ ብረት ላይ ጓ ብሎ ተጣበቀ። ብትጎትተው እምቢ አለ። ኸድር እግሩን ወትሮ ሳበው፤ ነጠላው ተቀደደ፣ ማግኔቱ ንቅንቅ አላለም። ሹፌሩ ዞሮ ያያቸዋል።

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው የጫናችሁብኝ?»

«አንተ ብቻ ንዳው!» አለች ወይኒ።

ማግኔቱን ባጃጁ ላይ እንደተጣበቀ ይዘውት ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደውን የኲሓን ዳገት ተያያዙት። ባጃጁ ዳገቱ ላይ እንደ ሳንባ በሽተኛ ሲያቃስት ወይኒ በሁለት እጇ ማግኔቱን ደግፋ ሰዓቷን ማየት ፈራች። አውሮፕላን ሰው አይጠብቅም። ይህች ቅንጣት ተደበላልቃ ከሄደች ማሽኑ ባዶ ያያል፤ ባዶ ካየ ሌላ ተራ የለም፤ ተራ ከሌለ ዶክትሬት የለም። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሥር የተጀመረ ሥራ፣ በአንዲት ሴት ደረትና በአንዲት ባጃጅ መካከል ቀረ። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ኸድር አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ደጋግሞ ይሞክራል።

ሲደርሱ ሹፌሩ በመፍቻ አግዟቸው ማግኔቱ ተላቀቀ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ትኬት የሌለው አያልፍም አለ። ወይኒ በትግርኛ ለመነችው፤ አልሰማትም። ከብረት አጥሩ ወዲያ ሴቶቹን የምትፈትሽ ወጣት ቆማለች፤ ደረቷ ላይ ባለው ባጅ ዓወት የሚል ስም ተጽፏል። ወይኒ ልትጠራት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ምን ልትላት ነው? አንዲት ሴት በጉያቸው ዕቃ ደብቀው አልፈዋል ልትል ነው? ያውም በዚህ ጊዜ፣ ያውም በአየር ማረፊያ? እትዬ ጣይባን በገዛ አፏ ማሳሰሯ ነበር። እጇ ላይ ያለውን ማግኔት ከተቀደደው ነጠላዋ ሥር ደበቀች።

ኸድር አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«እህቴ» አለ። «እናቴ ውስጥ ናት። ጣይባ ትባላለች፣ ዓይኗን ልትታከም ነው የምትሄደው። ጠዋት አስቀይሜያታለሁ። ስልኳን ዘጋችብኝ። በረራው ይቆማል እየተባለ ነው፤ ከሄደች መቼ እንደማገኛት አላውቅም። አፉ በይኝ ሳልላት እንዳትሄድብኝ።»

አንዲት ውሸት አልነበረበትም። ወይኒ እንኳ ለአፍታ ማግኔቱን ረሳችው። ዓወት አየችው፣ ጥበቃውን አየችው፣ ከንፈሯን መጠጠችና ወደ ውስጥ ሄደች።

እትዬ ጣይባ በዓወት ክንድ ተደግፈው መጡ። የደከመ ዓይናቸውን አጥብበው አጥሩን ተመለከቱ፤ ልጃቸውን ሲያውቁት ፊታቸውን አዞሩ።

«እማ፣ አፉ በይኝ።»

«ለአንተ አይደለም የመጣሁት» አሉና ወደ ወይኒ ዞሩ። «ልጄ፣ እውነት ገደልኳት?»

«አልሞተችም እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልነግርዎ ቀረሁ። አሁን የት ናት?»

«የት ትሄዳለች። ካኖርኳት ናት» አሉ፣ እንደ ተደፈረ ሰው። «ብቆጣም ዕቃ አልጥልም።»

እትዬ ጣይባ ጀርባቸውን ለጥበቃው ሰጥተው ሳጥኗን ከሻሻቸው ፈትተው በብረቶቹ መካከል አቀረቧት። ትሞቃለች፤ ገና የደረታቸው ሙቀት አልለቀቃትም። ዓወት ግንባሯን ቋጠረች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ድንጋይ ናት፣ ሓፍተይ፣ እህቴ» አለች ወይኒ። ሳጥኗ በእትዬ ጣይባ እጅ እንዳለች ክዳኗን ከፍታ አሳየቻትና መልሳ ዘጋችው። «የትምህርቴ ድንጋይ። እንድትቀዘቅዝ ብቻ ነው የምፈልገው። እዚሁ፣ ዓይንሽ እያየ።»

ዓወት ቅንጣቷን አየች፣ የወይኒን የተቀደደ ነጠላ አየች። «ቶሎ በሉ» አለች።

ወይኒ ማግኔቱን አወጣች። የአጥሩ ብረት ወዲያው ወደ ራሱ ይስበው ጀመር፤ ኸድር በሁለት እጁ ታግሎ ከሳጥኗ ጋር አስጠጋው። የማግኔቱ ቀይ ፊት ወደ ሳጥኗ መሆኑን ወይኒ አየች። የሳጥኗን ጠርዝ በጥፍሮቿ ጫፍ ያዘች። ከወዲያ በኩል ግን እትዬ ጣይባ ጣታቸውን አላነሱም።

«ይልቀቋት እትዬ።»

«ብትወድቅስ?»

«ይዣታለሁ። የእጅዎ ሙቀት እያለ አትቀዘቅዝም።»

እሳቸው የያዙትን መልቀቅ አያውቁበትም። ያንን ጊዜ ሁሉ ያለፉት ባለመልቀቅ ነው፤ ሱቃቸውንም፣ ልጃቸውንም፣ ወርቃቸውንም። አሁን ለአንዲት ጥቁር ድንጋይ ሲሉ ልቀቂ ተባሉ። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተነሱ፤ መጨረሻ የቀረው አውራ ጣታቸው ነበር፤ እሱም ተነሳ።

የኲሓ ነፋስ መጣ። ያንን ነፋስ ወይኒ ዕድሜዋን ሙሉ አቧራ ነው ስትል ረግማዋለች፤ ዛሬ ግን ባረፈባት ብላ ለመነችው። የድምፅ ማጉያው ተሳፋሪዎችን ጠራ። ኸድር ጥርሱን ነክሶ ማግኔቱን ይዟል፤ ክንዱ ሲዝል ብረቱ ወደ ጎን ሊነጥቀው ይታገላል። ድምፅ ማጉያው ደገመ።

«እናት፣ በሩ ሊዘጋ ነው» አለች ዓወት።

«ትንሽ ብቻ፣ በጃኺ!» ስትል ወይኒ ለመነቻት።

ወይኒ ጥፍሯን ከሳጥኗ ጠርዝ ወደ መሃል አስጠጋች። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዛለች። «አሁን» አለች። ኸድር ማግኔቱን ይዞ ወደ ኋላ ተወረወረ።

«የት ላድርጋት ታዲያ?» አሉ እትዬ ጣይባ። «ጉያዬን ከልክላችሁኝ፣ ቦርሳውን እኔ አላምነው።»

ወይኒ ሳጥኗን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠረችላቸው። እትዬ ጣይባ ሻሹን አንጠልጥለው፣ ክንዳቸውን ከገላቸው አርቀው ዘርግተው፣ ሌላ እጃቸውን ለዓወት ሰጥተው ሄዱ። ወደ ኋላ አልዞሩም። ልጃቸውን አፉ ብያለሁም አላሉትም።

ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ለወይኒ ነበር። «አስረከብኳት» አሉ። «አንድ ጊዜም አላስጠጋኋት። ክንዴ ሊገነጠል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የጠንቋይ መድኃኒት መስሎት ሊሸሸኝ ደረሰ።» ወይኒ ሳቀች። ለኸድር የሚሉት ነገር ይኖር እንደሆነ ብትጠይቅ፣ «ይሂድ ወዲያ» ብለው ዘጉት።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሦስቱም አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጎነበሱ፤ ወይኒ፣ ኸድርና ዶክተር ኣረጋዊ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ነው፤ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ባዶ ጥቁር ወረደ። ቀጥሎ ታችኞቹ የሚሄዱበት ሰማያዊ መስመር ታየ። ከሥሩ ደግሞ፣ ተለይቶ፣ ማንም ሰው አንድ ናቸው ሊላቸው በማይችለው ርቀት፣ የላይኞቹ ቀይ መስመር። መንገዱ ተከፍሏል። ወይኒ አፏን በእጇ ያዘች፣ ዕንባዋ መጣ።

ኸድር ግን አመድ መሰለ። «ተገልብጧል» አለ። «እኔ ያሰላሁት ቀዩ ከላይ፣ ሰማያዊው ከታች ነው። ይሄ ተቃራኒው ነው።»

ዶክተር ኣረጋዊ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ስሌትህ ነው የተሳሳተው ወይስ ክሪስታሏ? መልስ ሳይኖረን ይሄንን የትም አላቀርብም፣ ወይኒ። ፈታኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይሄንኑ ነው።»

ደስታዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ስሌቱን ስንቴ አብረው ፈትሸውታል። ማሽኑ አይዋሽም። ዓይኗን ጨፍና አጥሩ ጋ ተመለሰች። ነፋሱ፣ የኸድር ክንድ፣ የማግኔቱ ቀይ ፊት ወደ ሳጥኗ። የሳጥኗስ ቀይ ነጥብ? የእትዬ ጣይባ አውራ ጣት መጨረሻ ላይ ሲነሳ ከሥሩ የታየው ምን ነበር? ነጥቡ ወደ እሳቸው ነበር። ፊት ለፊት ቆመው ነው የተቀባበሉት፤ ማግኔቱ የመጣው ከወይኒ በኩል፣ በሳጥኗ ጀርባ ነው። ቀይ በቀይ ላይ የሚለው ሕግ በሩ ላይ እንደተለጠፈ ቀርቷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

«በጀርባዋ ነው ያስጠጋነው» አለች ቀስ ብላ። «ማግኔቱን። ቀዩ ነጥብ ከእትዬ ጣይባ በኩል ነበር።»

ኸድር ዞሮ አያት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ዶክተር ኣረጋዊ።

«አውራ ጣታቸው ሲነሳ አይቼዋለሁ። ሌላ ቅንጣት አለኝ፤ ተራ ከሰጡን ማግኔቱን በሁለቱም በኩል አስጠግቼ እያቀዘቀዝኩ ልልክላቸው እችላለሁ።»

ዶክተር ኣረጋዊ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ሥዕሉን እንደገና ተመለከቱ። «እንግዲያው መገልበጥ ነበረበት» አሉ። «ማግኔቱ ተገልብጦ ሥዕሉ ባይገለበጥ ነበር እኔን የሚያስጨንቀኝ። ይህንኑ ጻፊ፤ የአየር ማረፊያውን አጥርም አትተዪ። ለፈታኞቹ ቀን ያዥ።»

ወይኒ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ አደረገችው። ኸድር ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። እትዬ ጣይባ፣ አንድ ዓይናቸው ገና በፋሻ እንደታሰረ፣ አነሱት።

«እማ» አለ። «አልገደልሻትም።»



«እኔማ ጉያዬን አውቀዋለሁ» አሉ። «አንተ እስክታውቀው ነው የጠበቅኩህ።»